የዋናው በር ታፔላ

ኅዳር 9

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በር መለሱኝ። የአባትሽ ስም በሙታን ጸሎት በሚጠራበት ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በለበስኩት ኮት ምክንያት ከበር መለሱኝ። ሰላምታውን ባስቀድም ኖሮ ንዴቴ ይበርድ ነበር። እንዲበርድ ስላልፈለግሁ ነገሩን አስቀደምኩ።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። የወንድሜ ልጅ፣ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ፈጣሪ በሰው አገር ከክፉ ይሰውርሽ፤ እጅሽ የነካውን ይባርክልሽ።

ስሙ ሲጠራ እዚያው ሆኜ እንድሰማና እንዴት እንደተጠራ እንድጽፍልሽ አደራ ብለሽኝ ነበር። አደራሽን ልወጣ በጠዋት ተነሳሁ። ጢሜን ተላጨሁ። የሥራ ኮቴን ዐርብ አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ አንድ ጊዜ በሳሙና አጥቤው ነበር። ጨርቁ ንጹሕ ነው። ቀለሙ ግን የሃምሳ ዓመት ሥራ ስለሆነ በሳሙና አይለቅም። በግራ እጅጌው ላይ ያለው ሰማያዊ የመድኃኒት ቤቱ ታፔላ ነው፤ ደረቱ ላይ ያለው ቢጫ የትምህርት ቤቱ፤ ኪሱ ላይ ያለው ጥቁር ደግሞ የጫማ ሰፊው። በዚህ ሰፈር የተጻፈው ሁሉ በኮቴ ላይ ጠብ ብሏል። ይህን እድፍ የሚል ሰው መንገዱንም እድፍ ይበለው።

በሩ ላይ አዲስ ዘበኛ አቁመዋል። ስሙን አልጠየቅሁትም፤ ሰፊ አዲስ ቀበቶ ታጥቆ ስላየሁት ቀበቶው እለዋለሁ። እጁን ደረቴ ላይ አደረገና በሌላው እጁ ከራሳችን በላይ ያለውን ታፔላ አሳየኝ።

«አባት፣ ማንበብ ይችላሉ?» አለኝ።

ይህን የጠየቀው ማንን እንደሆነ ልብ በይ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ የሱቅ ታፔላ እያየሁ በከሰል ግድግዳ ላይ እየገለበጥኩ ፊደል የለየሁ ሰው ነኝ። ያንን ታፔላም የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ለእግዚአብሔር ቤት የማይገባ ልብስ ለብሶ መግባት በፍጹም ክልክል ነው» ይላል፤ ፊደሉ አንዱ ከአንዱ ሳይበልጥ፣ መስመሩ ሳይዛነፍ። እችላለሁ አልኩት። እንግዲያው ልብስ ቀይረው ይምጡ አለኝ። የጻፍኩት እኔ ነኝ አላልኩትም። ሥራዬን ለዘበኛ ማስተዋወቅ አልለመድኩም።

ሰዎች በግራና በቀኝ እያለፉ ገቡ። መጀመሪያ ኮቴን ያያሉ፣ ከዚያ ፊቴን ያያሉ፣ ከዚያ መሬት ያያሉ። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ያ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ ነጣ ያለ ሙሉ ልብሱን ለብሶ መጣና «ሠዓሊው፣ ሰላም ነው?» ብሎኝ የመብራት እንጨት እንደሚያልፉ አልፎኝ ገባ።

ወደ ቤቴ አልሄድኩም። በአጥሩ ዙሪያ ሄጄ በመስኮቱ ትክክል ቆምኩ። ዝርዝሩን ያስመዘገብኩት እኔ ስለሆንኩ የአባትሽ ስም ከማን ቀጥሎ እንደሚጠራ አውቃለሁ። በዚያው ሰዓት አንድ የውሃ ቦቴ መንገዱ ዳር ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ። ከአባትሽ በፊት ያለውን ስም ሰማሁ። ከእርሱ በኋላ ያለውንም ሰማሁ። የእርሱን ሞተሩ በላብኝ።

አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አንቺ የተማርሽ ነሽ። ለኮሚቴው በጽሕፈት መኪና የተጻፈ አቤቱታ ላኪልኝ። ቃላቱ ይክበዱ። ሰው በልብሱ ይመዘናል ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው። እኔ በእጄ ብጽፍላቸው የሚያዩት የፊደሌን ውበት እንጂ ነገሩን አይደለም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 3

ለተከበሩት አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ጤናዎና ሰላምዎ ይብዛልኝ። ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። አሁንም ያው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነኝ። ከምድር በታች ነው፣ መስኮት የለውም። የሐኪሙም የበሽተኛውም የጽዳት ሠራተኛውም ልብስ በአንድ ቱቦ ቁልቁል ይወርድልናል። የማን እንደሆነ አናውቅም። አንገትጌ ላይ ያለ እድፍ ማዕረግ አይለይም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ትልቅ ሰው ነው የሚባለው የባሰ ነው እያልን እንስቃለን።

የደረሰብዎ ነገር ያሳፍራል። ለአባዬ ብለው ሄደው፣ ውጭ ቆመው፣ ስሙንም ሳይሰሙ መቅረትዎ አንጀቴን በላው። በዕድሜዎ ሊደረግብዎ አይገባም ነበር።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ጥቁሩ ሱፍዎ የት ሄደ? ያ ሦስተኛው ቁልፍ ጠፍቶ ቡናማ የተተካለት። ልጅ ሆኜ እሑድ መሆኑን የማውቀው እርሱን ለብሰው በመስኮታችን ሲያልፉ ነበር። ብል በልቶት ወይም አልቆ ከሆነ የትከሻዎንና የእጅዎን ልክ ይጻፉልኝ፤ ሌላ እልካለሁ።

ስለ አቤቱታው አስቤ እጽፋለሁ።

በሩ ላይ ያለው ታፔላ ያው የድሮው ነው?

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 21

ለወንድሜ ልጅ፤ ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥሽ።

እኔ አቤቱታ ስጠይቅሽ አንቺ ሱፍ ልላክ ትያለሽ። ጥርሴን አመመኝ ብልሽ ኮፍያ ልትልኪልኝ ነው። ልብስ አልለመንኩሽም። አዲስ ሱፍ ለብሼ ብገባ ያሸነፈው ማነው? ቀበቶው ነው። ልክ ነበርክ፣ ታዝዤ ለብሼ መጣሁ ማለት ነው። አልለካም፤ የትከሻዬንም ልክ አልነግርሽም።

ጥቁሩ ሱፍ ባለበት አለ። ባለበትም ከእኔ ይልቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

ታፔላው ያው ነው። ለምን እንደጠየቅሽኝ አላውቅም፤ ከጠየቅሽ ግን ልንገርሽ። አሥራ ሁለት ዓመት ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቆበት ቀዩ አልደበዘዘም። የዛሬዎቹ ቆርቆሮውን አንድ እጅ ቀብተው ይሄዳሉ። እኔ መጀመሪያ የዝገት መከላከያ፣ ከዚያ ነጭ፣ ሲደርቅ ሌላ ነጭ፣ ከዚያ ነው ሥዕሉ። ቁምጣ የለበሰው ወንድና አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰችው ሴት ዛሬም ትናንት የተሣሉ ይመስላሉ፤ በላያቸው ያለፈው ቀይ መስመርም እንደዚያው። ከመንገዱ ማዶ የቆመ ሰው የቀሚሷን ቁልፎች መቁጠር ይችላል። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራን ሰው ነው ከሥሩ አቁመው ማንበብ ትችላለህ ያሉት።

ሰብሳቢው ዘንድ ሄጄ ነበር። ሱቁ ውስጥ፣ በጨርቅ ጥቅል መሃል ተቀምጦ አገኘሁት። ሻይ ጠጣ አለኝ፤ አልጠጣም አልኩ። በደሌን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። እያዳመጠ ጨርቅ ይለካ ነበር። ስጨርስ መቀሱን አስቀመጠና ሕጉን ያወጣነው አብረን ነው፣ አንተም ያኔ የኮሚቴ አባል ነበርክ አለኝ።

«እኔ 'ባይገባ ይመረጣል' ይበል ብዬ ነበር» አለኝ። «'በፍጹም' የምትለዋን የጨመርካት አንተ ነህ። ለማንም አይላላም ብለህ ጠረጴዛ መታህብን። ረሳኸው?»

አልረሳሁትም። ያልኩትን ብያለሁ። ግን ያን ጊዜ የማስበው ለመታየት ስለሚለብሱት ነበር እንጂ ሠርቶ ስለቀለመ ኮት አልነበረም። ልዩነቱ ለማንም ግልጽ ነው። ለእርሱ አልሆነለትም። ጭራሽ ተነስቶ ከጓዳው በላስቲክ የተጠቀለለ የራሱን አሮጌ ኮት አመጣና ይሄ እኔን ጠቦኛል፣ አንተን ይሆንሃል አለኝ። የሰው ፊት እሳት ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ቀን ተለበለብኩ። ኮቱን ጥቅሉ ላይ ትቼለት ወጣሁ። ከኋላዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? ካልፈለግህ እንደ ወንድምህ በኋላ በር ግባ፣ እዚያ ዘበኛ የለም አለኝ። አባትሽ በኋላ በር ይገባ የነበረው ጉልበቱን ስለሚያመው ነው። እኔ ጉልበቴ ጤነኛ ነው፣ የሰረቅሁትም ነገር የለም ብዬው ሄድኩ።

ይኸው ስድስት እሑድ ቤቴ ነው የምጸልየው። ግድግዳው ስለ ኮቴ ጠይቆኝ አያውቅም።

አቤቱታውን ቶሎ ላኪ።

አጎትሽ


የካቲት 14

ለተከበሩት ጋሼ፤

ሰላምታዬ በአክብሮት ይድረስዎ። ወገብዎ እንዴት ሆነልዎ? ፈጣሪ ምሕረቱን ያውርድልዎ።

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። የተቀመጥኩት እንዳዘዙኝ አቤቱታውን ልጽፍ ነበር። «ሰው በልብሱ ይመዘናል ወይ» ብዬ እጀምራለሁ። ከዚያ የሚቀጥለው መስመር ሁልጊዜ ለኮሚቴው ሳይሆን ለእርስዎ ይሆንብኛል። ስለዚህ ለእርስዎ ጻፍኩት።

አረንጓዴዋ ቀሚስ የእኔ ነበረች።

የእናቴን የመኝታ ቤት መጋረጃ ቀድጄ በእጄ የሰፋኋት ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በጎኗ አራት ነጭ ቁልፎች ነበሯት። ሦስቱን ገዛሁ፤ ለአራተኛው ገንዘብ አልበቃኝምና ከአባዬ የዝናብ ካፖርት ላይ ነቀልኩ። ስለዚህ አራተኛው ቁልፍ ከሌሎቹ ይተልቅ ነበር። እርስዎም ሲሥሉት አተለቁት። እጅጌዋ አጭር ነው፣ አልክድም። ጉልበቴን ግን ትሸፍን ነበር። ታፔላው ላይ አትሸፍንም።

የተሰቀለ እሑድ ከአባዬ ጋር ስንመጣ ከፊታችን የሰፈር ልጆች ነበሩ። ታፔላውን አዩ፤ ዞረው እኔን አዩ። ለብሻት ነበር። አንዷ ሳቀች። በሳምንቱ ስሜ ታፔላ ሆነ። ታፔላ መጣች፣ ታፔላ ሄደች። ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ሻጩ ሳይቀር ለታፔላ ስንት ልስጣት ይል ነበር። እርስዎ አልሰሙም፤ በእርስዎ ፊት የሚደፍር አልነበረም። በሰባተኛው ወር አገር ለቀቅሁ። ሥራ ፍለጋ ነው ብያችሁ ነበር።

አባዬ ያን ዕለት ከሥሩ ቆሞ ብዙ አየው። ከዚያ እንሂድ አለኝና ተመለስን። እርስዎ ዘንድ ሄጄ ልናገር ስለው ከለከለኝ። «ወንድሜ ነው፤ ሥራውን ነው የሠራው። እንዳታነሺበት» አለኝ። ቃል አስገባኝ። እርሱ እስኪያልፍ ድረስ ቃሌን ጠበቅሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬ በዋናው በር ገብቶ አያውቅም። ጉልበቱ ነው ይላሉ። ጋሼ፣ የኋላው በር ሰባት ደረጃ አለው። ዋናው በር አንድም የለውም። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሰባት ደረጃ መርጦ ይወጣል?

ሌላም አለ። «ሱፉ ባለበት ያስፈልጋል» ያሉትን ሳነብ የቀብሩን ዕለት ፎቶ ከሣጥኔ አወጣሁ። ልብስ ማየት እንጀራዬ ነው፤ ያኔ ግን ያየሁት የአባዬን ፊት ብቻ ነበር። አሁን ቁልፎቹን አየሁ። ሦስተኛው ቡናማ ነው። ያለዎትን አንድ ሱፍ አልብሰው ቀበሩት፤ ለዘበኛውም ለሰብሳቢውም ለእኔም ሳይናገሩ የሥራ ኮትዎን ለብሰው ሄዱ። ከዚህ በኋላ እንዴት እንደምቆጣዎ አላውቅም። እንዴት እንደማልቆጣም አላውቅም።

በሐምሌ የአንድ ወር ፈቃድ አለኝ። የአባዬን መቃብር ማየት እፈልጋለሁ። መቃብሩ ግቢው ውስጥ ነው። በዋናው በር ልግባ ብል ቀሚሴ ተሰርዛ ተሰቅላለች። በኋላው ልግባ ብል አባቴ አሥራ ሁለት ዓመት የተደበቀበት ነው። በየትኛው ልግባ?

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 29

ለወንድሜ ልጅ፤ ሰላም ሁኚ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የጠየቅሁሽ አቤቱታ እንጂ ክስ አልነበረም። እኔ የሣልኩት ቀሚስ ነው። ሰው አልሣልኩም፤ ፊትም አላደረግሁላትም። ልብስ በሣለ ቁጥር ባለቤቱ እየመጣ የሚከሰው ከሆነ ታፔላ ጸሐፊ ሁሉ ወህኒ ይውረድ። የሱፉ ነገር የወንድሜና የእኔ ጉዳይ ስለሆነ አያገባሽም።

አራተኛው ቁልፍ ከዝናብ ካፖርቱ ነው ያልሽው እርግጠኛ ነሽ?

አጎትሽ


መጋቢት 30

ለተከበሩት ጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ።

አዎ፣ ከዝናብ ካፖርቱ ነው። ከላይ ሁለተኛው።

የሐምሌ ፈቃዴን ለሥራ ባልደረባዬ ለቅቄላታለሁ። እናቷ ታማባታለች። ስሟ በመዝገብ የሚገባው በግንቦት መጨረሻ ቢሆንም ሐሳቤን የምለውጥ አይመስለኝም። ራስዎን ይጠብቁ።

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 28

ፈቃድሽን መልሰሽ ውሰጂ። ባልደረባሽ እናቷን በሌላ ወር ትጠይቅ፤ ወይም አለቃሽን ለምኚና ለሁለታችሁም ይስጥ። እንዴት እንደምታደርጊው አንቺ ታውቂያለሽ፤ ብቻ በሐምሌ ትመጫለሽ።

ከዚህ ቀጥሎ ሰላምታዬን ተቀበይ። ያሳደገሽ አምላክ አይለይሽ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ።

የዝናብ ካፖርቱ እኔ ጋ ነው። ከአባትሽ ልብስ ለራሴ ያስቀረሁት እርሱን ብቻ ነበር፤ ስለጠበበኝ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ጊዜ ተነስቼ አየሁት። ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ የለም፤ ክሩ አሁንም ተንጠልጥሏል። አባትሽን በዚያ ቁልፍ ስንት ዓመት እንደሰደብኩት ልንገርሽ? በዝናብ ቀን ባየሁት ቁጥር አንድ ቁልፍ ማስተከል ያቃተህ ዝርክርክ፣ ሰው ምን ይልሃል እለው ነበር።  አንድ ቀን ብቻ ቁልፉ ጥሩ ቦታ ነው ያለው አለኝ። ቀልዶብኝ መስሎኝ ተቆጣሁት።

ስለ ቀሚሷ የጻፍኩልሽን መልሼ ወስጃለሁ። በዚያ ዓመት በሰፈሩ ካየሁት ልብስ ሁሉ ዓይኔ ላይ የቀረችው እርሷ ነበረች፤ ስፌቷ እንደ መስመር ቀጥ ያለ ነበር። የጥሩ እጅ ሥራ መሆኑ ገብቶኛል። የማን እጅ እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም። ቀና ብዬ ፊትሽን አላየሁም። ሰፈሩ ሁሉ ሲያወራ እኔ አልሰማሁም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው። ዓይኔም እንደዚያው ባዕድ ሆኖብኝ ኖሯል። ጉልበትሽንም ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ ቀሚሷ እንዳለች ብትሣል ክልክል ስለማትመስል አሳጠርኳት። ይህ ምክንያት ነው እንጂ ማስተባበያ አይደለም።

ቆመው የሰቀሉትን ቁጭ ብለው ለማውረድ ይቸግራል ይባላል። ስለዚህ ቁጭ አላልኩም። ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ መሰላሌን ተሸክሜ፣ ያንኑ ኮቴን ለብሼ ዋናው በር ላይ ወጣሁ። መጀመሪያ ያሰብኩት ቀዩን መስመር ብቻ በአረንጓዴና በነጭ ልሸፍነው ነበር። አልሸፈን አለኝ። አንድ እጅ ቀባሁ፣ ከሥር ወጣ። ሁለተኛ ቀባሁ፣ አሁንም ወጣ። የራሴ ጥሩ ሥራ መከራ አሳየኝ። ከዚያ ብሎኖቹን መፍታት ጀመርኩ።

ቀበቶው እየሮጠ መጣና ማን ፈቀደልዎ አለኝ።

«ማንበብ ትችላለህ?» አልኩት።

እችላለሁ አለ። እንግዲያው በቀኝ በኩል ከታች ያለችውን ትንሿን ጽሑፍ አንብብልኝ አልኩት። አንገቱን ዘርግቶ አነበባት። የእኔ ስምና ሙያዬ ነው። ስሜን ከፍ አድርጎ ጠራና ይሄ እርስዎ ነዎት አለኝ። ብሎኑን መፍታት ቀጠልኩ። እርሱም የመሰላሉን እግር ያዘልኝ። መልካም አደረገ። ከበር መመለሱን ግን በዚህ አልሰረዝኩለትም።

ቤቴ ወስጄ በስለትና ቀለም በሚያለቅቀው አኳራጅ ቀዩን ልገፍፈው ሞከርኩ። ቀዩ ሲለቅ አረንጓዴው አብሮት ለቀቀ። ቀሚሷን ከመስመሩ ለይቼ ማትረፍ አልቻልኩም። ይህን የምጽፍልሽ ሌላ ሰው አሳምሮ እንዳያወራሽ ነው። ሁሉንም ገፍፌ ቆርቆሮውን ባዶ አደረግሁት። በከንቱ እንዳይቀር ብዬ በኋላው በር ላይ የተበሳውን ደፈንኩበት። የበሩን ማጠፊያ ዘይት አጠጣሁት። በሩንም ቀባሁት፤ አረንጓዴ ቀለም ተርፎኝ ነበር።

ሰብሳቢው የኮሚቴ ንብረት ሰረቅህ ብሎ በሰው መካከል ጮኸብኝ። ሠርቼ የሰጠኋችሁ በነፃ ነው፣ የወሰድኩትም በነፃ ነው አልኩት። በሁለተኛው ሳምንት ማተሚያ ቤት የታተመ ፕላስቲክ አምጥተው ሰቀሉ። ሕጉ እንዳለ ነው፤ «በፍጹም» የምትለዋም አለች። ሥዕሎቹ ፊት የላቸውም፣ ቁልፍ የላቸውም፣ ማንንም አይመስሉም። ሥራው የማይረባ ነው። በአንድ ክረምት ይነጣል።

እኔ ታፔላውን ባወረድኩ ማግሥት፣ እሑድ፣ በኋላው በር ገባሁ። ደረጃውን ቆጠርኩት። ሰባት ነው፤ ሦስተኛው ይወዛወዛል። በስድስተኛው ላይ ቆሜ ተነፈስኩ። ጤነኛ ጉልበት ያለኝ ሰው ነኝ። አባትሽ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ከምሰሶው ኋላ ነው፤ ከዚያ ሆኖ ዋናው በር አይታይም። ኮቴን ያየ ሁሉ አየ፤ ያለኝ የለም። ቢለኝም አልነሳም ነበር።

አስቀድሜ ለቄሱ የአባትሽ ስም እንደገና ይጠራልኝ ብዬው ነበር። ቄሱ ኮቴንም አላየ፣ ለምን እንደገና ብሎም አልጠየቀኝም፤ ብቻ ጻፈው። እንዴት እንደተጠራ ጻፉልኝ ብለሽ ነበር። ይኸው። ቄሱ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ሻክሯል። የአባትሽን ስም ከነአባቱ ስም ጠራው። ከአባትሽ በፊት የሁለት ሰው ስም ከጠራ በኋላ ጥቂት አርፎ ነበር፤ የአባትሽ ከዕረፍቱ ቀጥሎ የመጀመሪያው ስለነበር ብቻውን ተሰማ። ከኋላዬ ያለች አንዲት ሴት ነፍሱን ይማር አለች። ውጭ መኪና አልነበረም። በደንብ ሰማሁት።

በየትኛው በር ልግባ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ዋናው በር ላይ አንቺ የለሽበትም። የኋላው በር ከእንግዲህ መደበቂያ አይደለም፤ በቀን ብርሃን እየገባሁበት ነው፣ ከመንገድም ይታያል። በፈለግሽው ግቢ፤ ደስ ያለሽን ልበሽ። ከጎንሽ እሆናለሁ፤ ይህንኑ ኮት ለብሼ ነው።

የተደረገብኝ በደል እንዳለ ነው፤ የካሰኝ የለም። ያደረግሁትም እንዳለ ነው። ስለ ታፔላው፣ ስለ ቀሚሷ፣ አባትሽን ስላለበስኩት ሱፍ የምለው ይህ ነበር፤ ብያለሁ። በሐምሌ ስትመጪ አታንሺብኝ፤ መቃብሩ ላይም አታንሺብኝ። ብትጠይቂኝ አልመልስልሽም። እስክሞት ድረስ ስለዚህ ነገር ከአፌ ቃል አይወጣም።

አጎትሽ